አንደኛ የወጣው ቡድን ያርፋል

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ባለፈው ብርዱ አጥንቴ ገብቷል ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አሁን እዚያ ወደ በጋ እየዞረ ነው ይሉኛል፤ እውነት ከሆነ ደግ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ወደ ጉና ጠጋ ያለውን ግን በረዶ መትቶታል። እናትሽ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። ገበያ አግኝቻቸው ነበር፤ ስምሽን አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁባቸውም። እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ ግን ደህና አድርጌ አየኋቸው።

ይህ ደብዳቤ በእኛ ፖስታ ቤት አያልፍም፤ በሰው እጅ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ የማልጽፈውን እጽፍልሻለሁ። ቢሆንም የአንዳንዱን ሰው ስም ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ የአምናውን ደብዳቤሽን ላንሣ። ሲደርሰኝ ተናድጄብሽ ነበር፤ አሁንም ጨርሶ አልበረደልኝም። ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ ልጅሽ ሁለት መስመር፣ የቀረው ሁሉ ስለ ኳስ። ፖስታው እንደሚከፈት ስለምታውቂ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርሁ። ግን አንድ እናት በስምንት ዓመቱ ትታው የሄደችውን ልጅ ቁመቱ የት ደረሰ ብላ ብትጠይቅ የሚከሳት መንግሥት አለ?

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብረውሽ የሚሠሩት ሴቶች ባለ ሁለት ቀለም የአንገት ልብስ አጥልቀውልሽ ሜዳ እንደወሰዱሽ ጻፍሽ። ኳሱ እንቁላል የሚመስል፣ በእጅም በእግርም የሚመታ፣ ጎል ሲገባ ስድስት ነጥብ፣ ለጥቂት ስቶ በጎን ሲያልፍም አንድ ነጥብ። ለሳተ ሰው ነጥብ የሚሰጥ አገር መኖሩን ለልጃችን ለንብረት ሳነብለት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሄድሽ ወዲህ በአንቺ ነገር አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ነው።

ከዚያ ደግሞ የማጠቃለያውን ውድድር ነገርሽኝ። ዓመቱን ሙሉ ሲጋጠሙ ከርመው አምስት ቡድን ይቀራል። አራተኛውና አምስተኛው ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይጋጠማሉ፤ እዚህ የተሸነፈው ግን አይወጣም፣ አንድ ዕድል ይቀረዋል። አንደኛ የወጣው ቡድን ያርፋል፤ ደጋፊው ቁጭ ብሎ የሌላውን ሰው ጭንቅ ያያል። ሲጫወትም ያንን የመጀመሪያውን ቢሸነፍ ሁለተኛ ዕድል አለው። በፍጻሜው ዕለት እኩል ቢወጡ በሳምንቱ እንደገና ይገናኛሉ። ለፍጻሜው ቲኬት ሰዉ ወረፋ ላይ ያድራል፤ ቡድኑ የወደቀበት እንኳ አይቀርም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በእኛ መስቀል ሰሞን ነው አልሽ። ከታች ደግሞ ተሸንፎ የሚመለሰው ቡድን ደስ ይለኛል ብለሽ ጻፍሽ። ያን ጊዜ ያቺን መስመር ዘልያት ነበር።

ንብረት አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ይህን አንቺም ሳትቆጥሪ አትቀሪም። ክረምቱ እንደወጣ ለየቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ እንቅልፍ አጣ። አንዳንዱ ልጁን ገጠር ዘመድ ዘንድ ይልካል፣ ከገጠርም ያመጡታል። የባለፈው ዙር ልጆች ወደ ሰሜን ሄደው ከነርሱ ደብዳቤ የመጣለት ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ልጄን ከእነርሱ ጋር ማሰብ አልቻልሁም። ሌላ ነገር ሁሉ እችላለሁ፣ ይህን አልቻልሁም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ታዲያ ኳስ ላይ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ፊቱን አይተሽ የምትፈሪው ሰውዬ ሜዳ ዳር እንደ ልጅ ይዘላል። ንብረት የቡድኑ አምበል ነው፤ የዙሩንም ጨዋታ አንደኛ ሆነው ጨርሰዋል። ሰውዬው ቡድኔ ውድድር ላይ እስካለ ተጫዋቼን የሚነካብኝ የለም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ይህን የሰሙ የሌሎቹ ቡድኖች ሊቃነ መናብርትም እኛስ ለምን ብለው እንደዚያው አደረጉ። ያለ ተጫዋች ሜዳ ወጥቶ መዋረድ የሚፈልግ አልነበረም።

ችግሩ ውድድሩ በጥሎ ማለፍ ከሆነ በሁለት እሑድ ያልቃል። የስፖርት አስተማሪም፣ ዳኛም፣ የውድድሩ ኮሚቴ ጸሐፊም እኔ ነኝ። ደብዳቤሽን ከሣጥን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት፤ እንደ ኳስ ወሬ ሳይሆን እንደ ሰው ምክር አድርጌ።

ኮሚቴውን ሰብስቤ አዲስ አሠራር አለ፣ ጠንካራ ቡድን በአንድ ቀን ስሕተት አይወድቅበትም አልኋቸው። ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ከመጽሐፍ አልሁ። አንደኛው አገሩ ሶሻሊስት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መጽሐፉ ስለ ኳስ እንጂ ስለዚያ አይልም ብዬ መለስሁለት። ሊቀ መንበራችን ወዲያው ወደደው፣ ቡድኑ አንደኛ ነዋ። እናንተ ዘንድ አንድ ሳምንት የሚያርፈውን እኔ ሜዳችን አንድ ነው በሚል ሰበብ በየእሑዱ አንድ ጨዋታ ብቻ አድርጌ ሦስት እሑድ አሳረፍሁት። የእኛ ልጆች በአራተኛው እሑድ ነው የሚገቡት።

ጎረቤታችን አሰለፈች ትዝ ትልሻለች፣ ጠላ የምትጠምቀው። ልጇ ታደሰ ለሌላው የከተማችን ቀበሌ ይጫወታል። በዕድሜዋ ኳስ አይታ የማታውቅ ሴት ስትሆን አሠራሩን ከኮሚቴው ሁሉ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ጠላ ቤቷ ቁጭ አድርጋኝ አንድ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ልጄ ቢሸነፍ ይወጣል ወይስ ይቀራል? የእሷ ልጅ ቡድን በዙሩ ሁለተኛ ነው፣ ከገሳይ ቡድን ጋር ነው የሚጋጠመው፣ ቢሸነፍም ይቀራል አልኋት። ከዚያ ወዲያ ለመጣ ጠጪ ሁሉ የምታስረዳው እሷ ሆነች።

ከትናንት በስቲያ እሑድ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር፣ አንበሳሜና ክምር ድንጋይ፣ የተሸነፈው የሚወጣበት። እንደዚያ ያለ ሕዝብ ሜዳችን አይቶ አያውቅም። እናቶች ጥላ ዘርግተው እስካሰመርሁት የሜዳ መስመር ድረስ መጡ። የሁለቱም ወገን ሴቶች አንድ ላይ ተቀላቅለው ነው የተቀመጡት፣ የሚሳደብ የለም፣ የሚዘፍን የለም። ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ሲቆይ ደስ ያላቸው ፊቶች አየሁ። እኩል ከወጡ በሳምንቱ ይደገማላ። ሊያልቅ ሲል አንዱ የአንበሳሜ ልጅ ከሩቅ ለቀቃትና ገባች። የሚጨፍር ጠፋ። ያገባው ልጅ ራሱ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ፤ ወደ እኔ ነበር የሚያየው፣ ከጨዋታ ውጭ ነው በልልኝ እንደሚል ሰው። ጎል ናት፤ ፊሽካዬን ነፋሁ።

ትናንት ጠዋት የክምር ድንጋይን ልጆች የእህል መኪና ላይ ጫኗቸው። ማልያቸውን እንደለበሱ የነበሩም አሉ። በጥሎ ማለፉም ቢሆን መውደቃቸው አይቀርም ነበር፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

አሁን ስለ አንገት ልብሱ። ለሊቀ መንበራችን በዚያ አገር ደጋፊ ሁሉ የቡድኑን ቀለም አንገቱ ላይ ይጠመጥማል ብዬ ነግሬው ነበር፣ እንዲያው ለጨዋታ። ሰውዬው ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ ወሬ የለውም። አረንጓዴና ነጭ ሱፍ ክር ይገኝ እንደሆነ ከተማውን አሰሰው፤ የለም። ጎንደር ነው የሚገኘው አልሁት። ማን ይሂድ ሲል፣ ንብረት ይሂድ፣ እስከ አራተኛው እሑድ አይጫወትም፣ እግሩን ያፍታታል አልሁ። የይለፍ ወረቀቱን ራሱ ፈረመለት፣ ማኅተሙንም ደህና አድርጎ መታበት። አሰለፈች ክሩ ሲመጣ የምሠራው እኔ ነኝ ብላ እየጠበቀች ነው።

ጎንደር ያለው ዘመድሽ ሁለት ጊዜ መጥቶ እናቱ ልጁን ላከው ትላለች፣ የቀረውን እኔ አውቃለሁ ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በባዶ እጁ መለስሁት። የድንበሩ በረሃ ልጅ ይበላል አልሁት፤ እውነትም ይበላል። የልብህን ንገረኝ ካልሽ ግን ለአንቺ ልሰጥሽ አልፈለግሁም። ያሳደግሁት እኔ፣ ሲታመም ያደርሁት እኔ፣ ለምን ተሸክማ እንዳልሄደች ሲጠይቀኝ መልስ ያጣሁት እኔ። አሁንም መልሱን አላውቀውም። አንቺ ንገሪው።

ንብረት ነገ ማለዳ ይነሣል። ዘመድሽ ቤት ያድራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፍም።

ይህን ስነግረው አንድ ነገር ለመነኝ፣ ፍጻሜውን ተጫውቼ ልሂድ አለ። አንደኛ ነን፣ ብንሸነፍ እንኳ ሁለተኛ ዕድል አለን አለኝ። የእናትህን ደብዳቤ ደህና አድርገህ አላነበብህም፣ ፍጻሜ ላይ ሁለተኛ ዕድል የለም አልሁት። የኳስ ጫማውን ጭቃ አራግፎ፣ ቀለም ቀብቶ አልጋ ሥር አስቀመጠው፤ በእኔ ቦታ ለሚገባው ስጥልኝ አለ። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ወጣሁ፣ ፊቴን እንዳያየው።

በአራተኛው እሑድ ቡድናችን ያለ አምበል ይገባል። ፊሽካውን የምነፋው እኔ ነኝ፤ ክሩ ከጎንደር ይምጣ ያልሁትም እኔ እንደሆንሁ ሊቀ መንበሩ አይረሳውም። የምለውን አስቤበታለሁ። ለጊዜው አትጻፊልኝ። ከእኔም መልስ ባይመጣሽ ተቀይሞኝ ነው አትበይ።

ቁመቱን አልጠየቅሽኝም እንጂ እኔን በግማሽ ራስ ይበልጠኛል። በቀኝ ጎኑ ነው የሚተኛው፣ ቁርስ ካልበላ ይነጫነጫል። ደካማ እግሩ ግራው ነው፤ ይህን ግን ለማንም አትንገሪ።

መድኃኔዓለም በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ ያንቺንም የእኔንም አንድ ልጅ እርሱ ያድርስልን።

ይህን ወረቀት ያለ ፖስታ አጣጥፌ በንብረት ኮት ገበር ውስጥ ሰፍቼዋለሁ፤ አድራሻሽን በቃሉ አጥንቶታል። አሁን የቀደድሽውን ፖስታ አንሺና እይው። ቴምብሩ የእኛ አገር አይደለም። አድራሻሽን የጻፈውም እጅ የእኔ አይደለም።

የልጅሽ አባት