አልመለስም፤ ወደ ሐረር እሄዳለሁ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ አጥናፉ አዳሙ፤ ደብረ ታቦር፣ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በታች።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብዎ የጉልበት ቁርጥማትስ ለቀቀዎ? እናታችን እማሆይ እንዴት ናቸው? እህል ይቀምሳሉ? ሳሉስ ቀለል አላቸው? ባለቤትዎ አዳነች፣ ልጅዎ ዓለምጸሃይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ከብቱ ሳይቀር ደኅና ነው? ጤፉስ ዘንድሮ ያዘልዎ? እኔ እህትዎ አይናዲስ፣ እርስዎ እንደ ፈሩት አልሞትኩም፣ አልተሸጥኩም፣ የጅብ ራትም አልሆንኩም። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤዎ ትናንት በነጋዴዎች እጅ ደረሰኝ። ያነበቡልኝም፣ አሁን ይህን የሚጽፉልኝም መሪጌታ አጽብሐ ናቸው፤ እዚህ አራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ሥር ጥላ ዘርግተው ፊደል ለማናውቅ ሰዎች ደብዳቤ የሚጽፉ የትግሬ ሰው። ሲያነቡልኝ ድምፃቸውን ልክ እንደ እርስዎ ቆጣ ቆጣ አደረጉትና ሳቄ መጣ። ሳልፈቅድልሽ ወጣሽ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን በማታውቀው ከተማ ምን ልትሆን ነው፣ ከሚመለሱት ነጋዴዎች ጋር ዛሬ ነገ ሳትይ ተመለሺ ብለዋል። ሳቄ ሳያልቅ ንዴቴ ደረሰ። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ሌላውን በኋላ አወራለሁ። አልመለስም።

ለምን እንደ ወጣሁ ያውቃሉ። ካሣሁን ታናሻችን ነው። በአባታችን ተዝካር ዕለት በመሬት ተጣላችሁ፤ እርስዎም በንዴት መምሬ ገብረአምላክን አምጥተው የቤታችንን ደፍ እንዳይረግጥ አስገዘቱት። እሱም ግዝቱን ፈርቶ እንደ ወጣ ቀረ፤ ይኸው አምስት ዓመቱ። ወደ ሐረር ሄደ ሲባል ከመስማት በቀር ወሬውም የለን። እማሆይ አልጋ ከያዙ ወዲህ ደግሞ ውኃ ሲጠማቸው እንኳ የሚጠሩት የእሱን ስም ነው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ካሣሁን ይሉኛል። አቤት እላለሁ እንጂ ምን እላለሁ? ዓይናቸው ሳይከደን ልጃቸውን ላሳያቸው ምያለሁ፤ እርስዎ ለግብር ጉዳይ ጎንደር በሄዱበት ሳምንት በቅሎዬን ጭኜ የወጣሁትም ለዚህ ነው። ብጠይቅዎ እንደማይፈቅዱልኝ ስለማውቅ አልጠየቅኩም። ለዚህ ይቅር ይበሉኝ፤ ለመውጣቴ ግን ይቅርታ አልልም።

መንገዱን ልንገርዎ። እስከ ደሴ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ነበርኩ። ደሴ ስንደርስ እነሱ ጠጅ ቤት አደሩ፤ እኔ ግን ጠጅ ቤት የማድረው ሞቼ ነው ብዬ የአንዲት ባልቴት ደጅ ቆሜ የእግዜር እንግዳ ነኝ አልኩ። እግራቸውን አጥቤ፣ እንጨት ፈልጬ እንደ ልጃቸው አደርኩ። ደብረ ብርሃንም እንዲሁ። በየኬላው ባልሽ የታል ለሚለኝ ሁሉ ከነጭፍራው ከኋላ እየመጣ ነው እላለሁ። ነፍሱን ይማረውና ባሌ በሕይወቱ ሳለ የዚህን ያህል ጠብቆኝ አያውቅም።

ሞኝነቴ የመጣው አዲስ አበባ ስገባ ነው፤ ሞኝነቱን ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት፤ አይቆጡ። በማታውቂው አገር ስትደርሺ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመሽ በደጁ ስምሽንና ዘርሽን ተናገሪ፣ የሚያውቅሽ አይጠፋም ይሉኝ አልነበር? እኔም የጊዮርጊስን ደጅ ተሳልሜ ቆምኩና የደብረ ታቦር ሰው ነኝ፣ የቄስ አዳሙ ልጅ፣ የአለቃ ወልደሐና የልጅ ልጅ ብዬ እስከ ቅድመ አያታችን ዘረዘርኩት። ሰው አየኝና አለፈ። በእኛ አገር ቢሆን አንዱ ተነስቶ ከእነ እገሌ ጋር ትገናኛለሽ ይል ነበር፤ እዚህ ግን ሰዉ እንደ ጠበል ቀን ይጋፋል እንጂ ማንም ማንንም አይሰማም።

ለካስ አንድ የሰማ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ አነጋገሩ ቁርጥ የእኛን አገር የሚመስል ሰው መጣና አለቃ ወልደሐናን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የልጅ ልጃቸው ነኝ አልኩት። እንባው መጣ፣ ይመኑኝ፣ እውነተኛ እንባ! እኔ የዘረዘርኩትን ዘር መልሶ ለእኔው ቆጠረልኝ፤ በአምስተኛ ቤት እንገናኛለን አለኝ። ዘሩን የቆጠረለትን ሰው የማያምን ማን አለ? አራዳ ውስጥ በቅሎ ደጅ ላይ ማቆም ያስቀጣል፣ ወንዝ ወስጄ ውኃ ላጠጣልሽ ሲለኝ ልጓሙን በገዛ እጄ ሰጠሁት። ስንቄም፣ መኝታዬም በላይዋ ነበር። ያቺ በቅሎ ደግሞ የማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ካሣሁን ከውርንጭላነቷ ያሳደጋት ዳማዋ ናት። ቅዳሴው ወጣ፣ ገበያው ተፈታ፣ የአምስተኛ ቤት ዘመዴ ግን አልተመለሰም። እያለቀስኩ ለአንድ ኩሊ ብነግረው በቅሎሽ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ይሆናል አለና ደጁን ሁሉ አሳቀብኝ። የአራዳ ሰው አፉ ስለት ነው፤ ሲያዝንልዎም ይሰድብዎታል።

ያነሳችኝ ሸሪፋ የምትባል፣ እዚያው ቅጥሩ አጠገብ በርበሬና ኮረሪማ የምትሸጥ ሴት ናት። ተነሺ፣ እንባሽ በርበሬዬን አረጠበው ብላ ዶሮ ማነቂያ ወደምትባል ሰፈር፣ ወደ ትንሽ ቤቷ ወሰደችኝ። እዚህ ላይ መሪጌታ ብዕራቸውን አቆሙ፤ እስላም ቤት አደርኩ ብለሽ ልታስጽፊኝ ነው ወይ አሉኝ። አዎን፣ ይጻፉ አልኳቸው። ወንድም ጋሼ፣ አይደንግጡ። ሥጋዋን አልበላሁም፣ እሷም ብዪልኝ አላለችም፤ ለእኔ ብቻ አዲስ ድስት ገዝታ ሽሮ ትሠራልኛለች። ዘመድሽ ነኝ ያለው የሃይማኖት ወንድሜ በቅሎዬን ወሰደ፤ ይህች ደግሞ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ታዲያ እኔ ምን ልበል?

ሸሪፋ የነገረችኝ ነገር ከእርስዎ ምክር ጋር ተጣላ። በአገርሽ ስምሽ አጥርሽ ነው፣ እዚህ ግን ስምሽን ከጮኽሽው ለሌባ መንገድ ታሳይዋለሽ አለችኝ። እዚህ ሰውን የሚጠብቀው አንድ እውነተኛ ሰው ነው፤ ያ ሰው ለሌላው ሰው በእጁ ያስረክብሻል፣ ያኛውም ለሚቀጥለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አካሄዴን ለወጥኩ። ከየት መጣሽ ለሚለኝ ከዚያ ማዶ እላለሁ። ወዴት ነሽ ለሚለኝ የሸሪፋ እንግዳ ነኝ እላለሁ። ሰው መንገድ ላሳይሽ ሲለኝ አመሰግናለሁ ብዬ ሕፃን ያዘለች ሴት እጠይቃለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ገበያ ላይ በቅሎዬን አየኋት! አንድ ወፍራም የእህል ነጋዴ ተቀምጦባታል። ሮጬ ልጓሙን ያዝኩ፤ በሕግ አምላክ አልኩ፣ ነጠላዬንም ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጥሬ ቁራኛ ሆንን። ዳኛ፣ ዳኛ ብዬ ስጮህ በመንገድ የሚያልፉ አንድ ሽበታም ሽማግሌ በግድ ቆሙልን፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ችሎት ሆነ። ነጋዴው ገዝቻታለሁ አለ፣ እውነቴን ካልሆነ በቅሎ ልወራረድ ብሎም ተገዳደረኝ። እኔም ያለችኝ በቅሎ ይህችው ናት፣ በእሷው እወራረዳለሁ ብል ገበያው ሳቀ፣ ሽማግሌውም ሳቁ። ዋስሽን ጥሪ ሲሉኝ ግን ሳቁ ከእኔ ላይ ጠፋ። ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ሺህ ሰው መሃል ዋስ የሚሆነኝ አንድ የሥጋ ዘመድ አልነበረኝም። ሰባት ቤት ዘሬን ብቆጥር ማን ይነሳልኛል?

ሸሪፋ በርበሬዋን ለጎረቤቷ ትታ መጣች። እኔ ዋሷ ነኝ፣ ከጠፋች ቤቴን ውሰዱ አለች። ሽማግሌው ሴት ናት፣ እስላም ናት ብለው ጥቂት አጉረመረሙ፤ ገበያተኛው ግን ቃሏ ከወንድ ይበልጣል ብሎ መሰከረላትና ተቀበሏት። ምልክት ተናገሪ ሲሉኝ ኮርቻው ሳይወርድ ተናገርኩ። በግራ ጎኗ ኮርቻው በሚሸፍነው ቦታ ከገደል የወደቀች ጊዜ የቆሰለችው ጠባሳ አለ፣ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል አልኩ። ኮርቻው ወረደ፤ እንዳልኩት ሆነ። ነጋዴውም የሸጠለትን ሰው አምጣ ቢባል ከየት ያምጣው? ምሎ ለቀቀልኝ። ፊቱን ሳይ አሳዘነኝ፤ እሱም እንደ እኔው የተታለለ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርዎ። የሸሪፋ ወንድም ሙደሲር ቅመም ይዞ ከሐረር በድሬዳዋ ባቡር መጥቷል። ካሣሁንን ያውቀዋል! የግራ እጁን ትንሽ ጣት ማጭድ የቆረጠበት፣ ዝምተኛ፣ የሰሜን ሰው፣ አናጢ ነው አለኝ፤ ጣቱን ሲነግረኝ እልልታዬን ለቀቅኩት። ሐረር ውስጥ ለሰው ቤት በር ይሠራል። ሥራው የተወደደ ነው፤ ሚስት ግን አላገባም፣ የራሱም ቤት የለውም። ሙደሲር አንድ ቀን አገርህ ለምን አትገባም ቢለው የቤታችን ደጅ በግዝት ተዘግቶብኛል፣ የዘጋውም ወንድሜ ነው፣ እሱ ካላስከፈተው እኔ አልገፋውም አለው። እርስዎን አልሰደበም፣ ስለ መሬቱም አላነሳም። ይህን ስሰማ ያለቀስኩትን ያህል ለባሌም አላለቀስኩም። የሰው በር እየሠራ የገዛ ቤቱ በር ይዘጋበት?

ስለዚህ እሄዳለሁ። በቅሎዋን ለሸሪፋ ትቼ ከሙደሲርና ከሦስት ሴቶች ጋር በባቡር እሳፈራለሁ። ድሬዳዋ ላይ ሚስቱ ትቀበለኛለች፣ እሷ ደግሞ እስከ ሐረር ለምታደርሰኝ አክስቷ ታስረክበኛለች። የምነሳበትን ቀን በዚህ ወረቀት አላስጽፍም፤ ደብዳቤው በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም። መሪጌታም እኔንም ትደብቂኛለሽ ብለው ተቀየሙ፤ ቢቀየሙ ይሻላል። ባቡሩን እፈራዋለሁ፣ አልዋሽዎትም፤ ለገሃር ሄጄ እሳት ሲተፋ ሳየው ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ሆኖም ተሳፍሬ እየጮኽኩም ቢሆን እደርሳለሁ።

ወንድም ጋሼ፣ እወድዎታለሁ፤ ከአባታችን በኋላ አባቴ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የሚከብድዎትን ነገር እኔ ካልነገርኩዎ ማን ይነግርዎታል? ካሣሁንን እጁን ይዤ እስከ ደጃችን ላመጣው እችላለሁ። ደፉን ማሻገር ግን አልችልም። ግዝት ያስገዘተ ካላስፈታው በእኔ እግር አይፈታም። እማሆይ ከውስጥ ሆነው ድምፁን እየሰሙ እሱ ከውጭ ቆሞ እንዲያለቅስ ነው የሚፈልጉት? እሳቸው ካለፉ በኋላ የሚፈታ ግዝት ለማን ይጠቅማል? እኔ አርባ ቀን ተጉዣለሁ፣ ገናም እጓዛለሁ፤ ከእርስዎ የምለምነው ከቤትዎ እስከ መምሬ ደጅ ያለውን መንገድ ነው። ኬላ የለበትም፣ ሌባ የለበትም፣ ሰዉ ሁሉ ያውቅዎታል።

ለእናታችን ለእማሆይ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ካሣሁን በሕይወት አለ፣ አናጢ ሆኗል ብለው በጆሯቸው ይንገሩልኝ፤ ከዚያ ውጪ ምንም አይበሏቸው። ለእህቴ ለአዳነች፣ እማሆይን ስለምትጠብቅልኝ እግዜር ውለታዋን ይክፈላት። ዓለምጸሃይን ግንባሯን ስሙልኝ፤ አጎት እንዳላት ይነገራት። ለላይ ቤቶችም ለታች ቤቶችም እንደምን ከረማችሁ በሉልኝ። ለመምሬ ገብረአምላክ ያለኝን ሰላምታ ግን በሰው እጅ አይላኩት። እርስዎ ራስዎ ይዘውላቸው ይሂዱ።

እህትዎ አይናዲስ አዳሙ
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቅጥር ሥር
ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓመተ ምሕረት