ስለ ሰርቪሳችን ጭስ ማውጫና ስለ ቲማቲም ቆርቆሮው

ለክቡር የፋብሪካችን የትራንስፖርት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኛ የሰርቪሱ የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ከራስ ምታት፣ ከዓይን ማቃጠልና ከማቅለሽለሽ በቀር እጅግ ደኅና ነን።

እኔ በልብስ ቅድ ክፍል የምሠራ፣ የመመገቢያ አዳራሻችን ዋና ምግብ አብሳይ የሆነችው የእትዬ ታናሽ ወንድም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ወደ ቢሮዎ በተመላለስሁ ቁጥር ጉዳዩ በጊዜያዊነት እየታየ ነው ስለተባልሁ፣ እስኪታይ ድረስ ደብዳቤዬም በጊዜያዊነት እዚህ ቢቆይ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። የሰርቪሱ ጭስ ማውጫ ድምፅ ከሚያፍነው ከማርሚታው ፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ በተበሳ ጊዜ፣ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ኖሮ መኪናውን አቁሞ ቧንቧውን ያስቀይር ነበር። እርስዎ ግን ሾፌራችንን ሳሙና እንዲለጥፍበት አዘዙት። ሳሙና የሚያፈስ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ሰልባትዮ እንደሚይዝ ማንም ያውቃል፤ በጋለ ቧንቧ ላይ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሳሙናው ቀልጦ አለቀና እኛም ጥቂት ቀን ታጥቦ የመጣ ጭስ ስንተነፍስ ሰነበትን።

ሁለተኛ፤ ስለ ቆርቆሮው። እህቴ የሰው ችግር አይታ ማለፍ አይሆንላትምና አንድ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ከወጥ ቤቷ በገዛ እጇ አውጥታ ለሾፌሩ ሰጠችው። እሱም አፉንና ታቹን ቆርጦ፣ ጎኑን ሰንጥቆ፣ ቧንቧው ላይ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። ሾፌሩ ይህ የሚያገለግለው ጋራዥ እስኪደርስ ብቻ መሆኑን በራሱ አፍ ነግሮዎታል። እርስዎ ግን ቆርቆሮው ያዘ ሲባል የጋራዡን ቀጠሮ ሰረዙት። ሽቦው ሲላላ ሌላ ቆርቆሮ፣ ያም ሲበሳ በላዩ ሌላ ተደረበ፤ ዛሬ ጎንበስ ብሎ ላየው ቧንቧችን ብርድ እንደያዘው ሰው ተጀቡኖ ይታያል። ለመለዋወጫው እጥረት እንዳይፈጠር ይሆን፣ ምሳችንም ከዚያ ወዲህ ከቲማቲም አልወጣም። ከቆርቆሮዎቹ በአንዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል፤ ቀዝቃዛና አየር በሚገባበት ስፍራ ይቀመጥ ይላል። ለቆርቆሮው እንኳ የሚያስብለት አለ ማለት ነው። ታዟል የሚሉን አዲስ ቧንቧ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል።

ሦስተኛ፤ ስለ መስኮቶቹ። መጀመሪያ ጭስ እንዳይገባ መስኮት ይዘጋ አሉ፤ ጭሱ የሚገባው ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ስለነበር ከእኛ ጋር ተቆልፎበት ዋለ። ቀጥሎ መስኮት ይከፈት አሉ፤ የኋላዎቹ ግን እየተንኳኩ ስላስቸገሩ፣ በእርስዎው ትእዛዝ፣ በጊዜያዊነት በብሎን ታስረዋል። አበው ጭስና ድሃ መውጫ አያጣም ያሉት የእኛን ሰርቪስ ሳያዩ ነው። ጭሱስ በአፍንጫችን በኩል አገኘ፤ ድሃው ግን እዚያው ተቀምጧል።

አራተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ያልቅብኛል፤ ይቅርታዎን። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እትዬ አጠገቤ እንደተቀመጠች ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ እንዳልረብሻት ብዬ ትከሻዬን አመቻቸሁላት። ፋብሪካው በር ላይ ደርሰን ስቀሰቅሳት አልሰማችኝም። ተሸክመን አውርደን ሣሩ ላይ አጋደምናት፤ አየር ስታገኝ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ድስቱ ተጥዶ እንደሆነ ነው። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፈርቼ ነበር፣ ክቡር ሆይ፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ እያናገርኋት ነው የምጓዘው። እርስዎ ግን በስብሰባ ላይ ሴትዮዋ ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ይሆናል ማለትዎን ሰማን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። መላው ፋብሪካ፣ እርስዎን ጨምሮ፣ ቁርሱን የሚበላው ከእሷ እጅ እንደሆነ ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል።

እትዬ አሁን ባዶ ቆርቆሮ ሁሉ እንዳወጣች በእግሯ ትጨፈልቀዋለች። በዚህም ትብብር ጎደላት ተብላ ተወቅሳለች። ሆኖም ሥራ ሳይጀመር እሳት ማንደድ ስላለባት፣ በዚያ ሰዓትም ሌላ መኪና ስለማይገኝ፣ ነገም እዚያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ ቧንቧው እንዲቀየር፣ እስኪቀየርም ይህ መኪና እንዲቆም ስል እለምንዎታለሁ። በጊዜያዊነት የማትተካ አንዲት እህት ብቻ ነው ያለችኝ።

እስከዚያው ለሚሰጡን ለዚያው ለተለመደው ትኩረት ምስጋናዬ ከወዲሁ ይድረስዎ እያልሁ፣ በጊዜያዊነት እየተነፈስሁ የምገኝ አክባሪዎ፣

የልብስ ቅድ ክፍሉ ሠራተኛ።

ድኅረ ጽሑፍ፤ የእርስዎ የራስዎ መኪና ከበስተኋላ ትንሽ ድምፅ ብታሰማ በዕለቱ ጋራዥ መግባቷን፣ ጭስ ማውጫዋም ከነማርሚታው በአዲስ እንዲቀየር መታዘዙን ሾፌራችን አብሥሮናል። እስክትወጣም ድረስ ከነገ ጀምሮ በሰርቪሱ እንደሚመጡ ሰምተን ደስታችን ወሰን አጥቷል። ስለዚህ ከላይ የጻፍሁት ይታረምና፣ ነገ እትዬ ከሾፌሩ ጎን ትቀመጣለች፤ የእሷን ወንበር ለእርስዎ ለቀናል። ቁርስዎን ብቻ በልተው ይምጡ።