የአባዬ ሁለት ባንዲራዎች

ሰኞ፣ ኦገስት 5
ብርድ። የአውስትራሊያ ፉትቦል ክለባችን ፍሪጅ ደግሞ ሞተ። ዴስ ከጎረቤት ከተማ ከኮርንዴል መጥቶ ጠገነው። ጎንበስ ብሎ ሲሠራ እንደ ልማዴ ለከፍኩት። "ዴስ፣ ጣትህ እንዴት ናት?" "ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች!" ሳቅን። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያቺን ኳስ በጣቴ ነክቻታለሁ እንዳለ... አገሩ ሁሉ ይቀልድበታል። ደግሞ አይቀየምም። ሻይና የጋገርኩትን ስኮን ዳቦ ሰጠሁት፣ አራት በላ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6
ደብዳቤ መጣ! የሜዳው አዲስ የውጤት ሰሌዳ በኔቪል ስም ሊጠራ ነው፣ ቅዳሜ። ባሌ ሰሌዳ ሊሆን ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ዋንጫ ላስገኘችልን ጎል ነው እንግዲህ... እነ ዴስ፣ ኮርንዴሎች፣ በሦስት ነጥብ እየመሩን፣ የማብቂያው ሳይረን ሊጮህ ሲል፣ ኔቭ ከሃምሳ ሜትር ለጋት። አንድ ጎል፣ ስድስት ነጥብ! የጎል ዳኛው ደግሞ የኔው አባት። ሊጉ የመደበው ዳኛ ጠዋት ታሞ አባዬን ተኩት። ጎል ነው ብሎ ሁለቱን ነጭ ባንዲራዎች ሲያውለበልብ በሜዳው ዙሪያ የቆመው መኪና ሁሉ ክላክሱን አስጮኸ፣ አገር ቀውጢ ሆነ። ባንዲራዎቹ ዛሬም ኮሪደራችን ላይ ተሰቅለዋል።
ደብዳቤውን ለኔቭ አነበብኩለት። "አልፈልግም" ብሎ ወደ በጎቹ ሄደ። ምን ነካው?

ረቡዕ፣ ኦገስት 7

ኔቭ ሳህን እያጠብን ነው ያወጣው።
"ግሌኒስ፣ ዴስ ነክቷታል።"
"ምኑን?"
"ኳሷን። ከእግሬ እንደወጣች። ጣቱን ስትመታ ድምፁን ሰማሁት።"
የተቃራኒ እጅ የነካት ኳስ ብትገባም እኮ አንድ ነጥብ ናት። የሚውለበለብላትም አንድ ባንዲራ። ተሸንፈን ነበር ማለት ነው!
"አባዬ አላየም?"
ሳህኑን አስቀመጠ። "አይቷል። ሠርጋችን ሲቃረብ ነገረኝ። እጄ ቀደመኝ አለ። ለግሌኒስ እንዳትነግራት አለኝ።"
አባዬ! የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዥ!
"ጉልበትህስ?" አልኩት። ለምን እሱን እንደጠየቅሁ እንጃ። ከዋንጫው በኋላ ሜልቦርን ያለ ትልቅ ክለብ ጠርቶት፣ ጉልበቴ ተበላሸ ብሎ በሃያ ስድስት ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።
"ጉልበቴ ደህና ነው። የጠሩኝ በዚያች ጎል ነበር... እንዴት ልሂድ?"
ደህና ነው?! ስንት ክረምት ቅባት አሸሁለት!

ሐሙስ፣ ኦገስት 8
አላናገርኩትም። ቅባቱን ጣልኩት።

ዓርብ፣ ኦገስት 9
"ነገ ልናገር ነው" አለ። "የአባትሽ ስም ስላለበት አንቺ እምቢ ካልሽ እተወዋለሁ።" እኔ ላይ ጣለው! አባዬ ነፍሱን ይማረውና መልስ አይሰጥ። ሰው ምን ይለዋል? ልጆቹስ አያታቸውን?
ግን ሰኞ ዕለት እኔው ራሴ፣ ጣትህ እንዴት ናት... ያን ሁሉ ዓመት ውሸታም ስንለው፣ ሰላም ብላሻለች እያለን።
"ተናገር" አልኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 10
ተናገረ። ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ። "ዴስ ነክቷታል። አውቅ ነበር። ዋንጫው የኮርንዴል ነው።" የአባዬን ስም አላነሣም፤ ለኔ ብሎ ነው።
ከኋላ አንዱ ጮኸ። "ዳኛው ሰጥቶታል እኮ!"
"ዳኛውም አይቷል" አለ የሆነ ሰው ከስኮኑ ጠረጴዛ። እኔ ነበርኩ! አባቴ ነው ዳኛው፣ አይቷል...
 ሕዝቡ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ከአጥሩ ዳር አንድ ክላክስ። ረጅም፣ አንድ ብቻ። የዴስ መኪና።
ቆይቶ ዴስ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ስኮን አነሣ፣ አልበላውም። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ጣቱን ብድግ አድርጎ አሳየኝ። "ሰላም ብላሻለች።"

እሑድ፣ ኦገስት 11
አንዱን ባንዲራ አወረድኩት። ኔቭ አየኝ። ባዶውን የቀረውን ሚስማር ነቀለው። አንዱ ባንዲራ ግድግዳው ላይ አለ።