ስሙን አንተ የምታውቀው ሰው

ኮት ሩልዳ
የብርዱ ወር ፖህ በባተ በሦስተኛው ቀን

ውድ አባዬ፣

በስልክ «እርስዎ» የምልህ እናትህ ቢጂ ጆሯቸውን ሞባይሉ ላይ ለጥፈው ስለሚቀመጡ ነው። ወረቀት ላይ ግን አንተ ነህ። ካልተመቸህ ከጣሊያን ድረስ መጥተህ ቅጣኝ፤ ደስ ይለኛል።

ላሞቹ እንዴት ናቸው? የፈረንጅ ላም ስትታለብ ሙዚቃ ይከፈትላታል ያልከኝን ለቢጂ ብነግራቸው፣ «እኛ ቤት አላቢዋም ሙዚቃ ተከፍቶላት አያውቅ!» አሉ። አላቢዋ፣ ማለትም እማዬ፣ አጠገባቸው ነበረችና ሳቀች። አሁንም ትስቃለች። ከሁሉ በፊት ይህን እወቅልኝ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የእትዬ ቻርኖ ልጅ ፒንዳ ነው። ፖስታውን በሊጥ የለጠፍኩት እንዳይከፍተው ብዬ ነው፤ ተከፍቶ ከደረሰህ በጥፊ በልልኝ። በስልክ ልነግርህ የማልችለው ነገር አለ። የቤቱ ስልክ አንድ ነው፣ ሁልጊዜ ላውድ ላይ ነው፣ እማዬም ሁልጊዜ ከጎን አለች። አጎቴ ማክሃን ደግሞ «አንቺ አፍሽ ወንፊት ነው» እያለ የራሱን ስልክ ይደብቀኛል። ወንፊት ብሆን ኖሮ እስካሁን ምን የቀረ ነገር ይኖር ነበር?

ያዘዝከውን እየፈጸምን ነው። ዶክተሩ አጎቴን ለብቻው ጠርቶ «ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ውስጥ ገብቷል፣ የስንዴ አጨዳን ማየቷን እንጃ» ካለው ጊዜ ጀምሮ ለእማዬ «የሐሞት ጠጠር ነው» እንላታለን። አንተ «እስክመጣ ማንም እንዳይተነፍስ፣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አልክ፤ ቢጂም ቅዱስ መጽሐፉ ፊት አቁመው አስማሉኝ። ቢጂ ሲዋሹ ከልባቸው ነው፤ ጠጠር ያሟሟል ብለው በየጠዋቱ የፍጁል ሥር ጭማቂ ያጠጧታል። እማዬ ፊቷን አጨማድዳ ትጨልጠውና «ጠጠሩ እንቢ ካለ እኔው ልሟሟለት» ትላለች። ቢጂ ይስቃሉ፣ አጎቴ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። እንደዚህ ያለ ሳቅ ሰምተህ አታውቅም።

አሁን የጸሎት ቤታችንን፣ የጉርድዋራውን ጉድ ስማ።

ቢጂ የጉባኤ ጸሎት ካልተደረገ ብለው ተነሡ። አጎቴ ጥምጣሙን ሊጥል ደረሰ።

«ቢጂ፣ ጸሎቱ በድምፅ ማጉያ እኮ ነው የሚወጣው! ‹ለዳልቢር ኮር ጤና› ሲባል እሷ ራሷ እዚያው ጉርድዋራው ማዕድ ቤት ለጉባኤው ቂጣ እየዳመጠች ናት!»

«ታዲያ እቤት ይጸለይ ነው የምትለኝ?»

«አዎ! እቤት ይጸለይ!»

«ጉባኤው ‹ዋሄጉሩ› ያላለበት ጸሎት ማህተም የሌለው ማመልከቻ ነው» አሉ ቢጂ። ከዚያ በኋላ ማን ይከራከራቸዋል።

መላ የዘየዱት መጽሐፉን የሚያነቡልን ባባ ቢሻን ናቸው። ታውቃቸው የለ? ድምፅ ማጉያውን ከልጆቻቸው አብልጠው ነው የሚወዱት፤ የጠፋች ጎሽ እንኳ በዜማ ነው የሚያስነግሩላት። «የሌላውን ሰው ስም እጠራለሁ፣ የዚህችን እተወዋለሁ። ፈጣሪ ስም ጠፍቶበት አያውቅም» አሉ። በማግስቱ ማለዳ ጉባኤው እጁን አጋጥሞ በቆመበት፣ «በመንደራችን ስሙን አንተ የምታውቀው አንድ የታመመ ሰው አለ፤ ማርልን» ብለው ለቀቁት። ድምፁ ጉሙን ሰንጥቆ እስከ ሸንኮራ ማሳው ደረሰ።

አባዬ፣ መንደሩ አበደ።

ባሻ ጋጃን ሲንግ፣ ጦር ሜዳ ያልፈሩት እኒያ ጡረተኛ፣ ታማሚው እኔ ነኝ ብለው ቁርጥ አደረጉ። ክሊኒክ ሄደው ሐኪሙ መርምሮ «እንደ በሬ ነዎት» ቢላቸው «አያችሁ፣ ለዚህም እንዳይነግረኝ ነግረውታል!» እያሉ ወጡ። ከዚያ ከጎረቤታቸው ጋር በመስኖ ውሃ ተራ የነበራቸውን ሙግት «ስሞት ይዤው አልሄድ» ብለው ተዉለት። ጎረቤትየውም ለካ ለራሱ አልቅሶ ጨርሷል። «የለም፣ ውሃው የእርስዎ ይሁን፤ ሟቹ እኔ ነኝ» ቢላቸው፣ «አንተ ደግሞ ሞትም ልትቀማኝ ነው?» ብለው እንደ አዲስ ተጣሉ።

እትዬ ቻርኖ ደግሞ የታመመችው ምራቴ ናት አሉና ቅቤ ያጎርሷት ጀመር። እኔ በአገልግሎት የተመደብኩት ጫማ ቤት ነው፤ ገቢው ጫማውን አውልቆ ለእኔ ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። ምራቲቱ ጫማዋን ስታስረክበኝ ጎንበስ ብላ «ሩናቅ፣ በጉሩ፣ ባባ ቢሻንን ስሙን ይጥሩት በያቸው። በቅቤ ልሞት ነው» አለችኝ።

እማዬስ? የመጀመሪያ ቀን ጸሎቱ ሲሰማ መዳመጫዋን ይዛ ቀጥ አለች። ሊጥ ላቀብላት ከጎኗ ነበርኩ።

«ምስኪን» አለች። «ለራሷ አልነገሯትም ማለት እኮ ነው።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?» አሉ እትዬ ቻርኖ።

«ወንድ ቢሆንማ መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ወንድ ሲያስነጥሰው እንኳ ጎረቤት ያስጠራል።»

ማዕድ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ምስር አማሳይ ሳይቀሩ ጭልፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። እኔም ሳቅኩና «ጫማ ቤት ሰው የለም» ብዬ ሮጥኩ። ጫማ ቤት ጥሩ ቦታ ነው፣ አባዬ። ዓይንሽ ለምን ቀላ የሚልሽ የለም፤ ሽታው በቂ ምክንያት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው ትመጣለች። «ያቺ ሴት መታመሟን ስለማታውቅ ለራሷ መጥታ አታገለግልም፤ እኔ ልሥራላት» ትላለች። የማኅበሩን ሳህን ታጥባለች፣ ግቢውን ትጠርጋለች፣ ቂጣ ትዳምጣለች። መዳመጫውን እነጥቃታለሁ፣ መልሳ ትነጥቀኛለች። አሸነፍኩሽ ትለኛለች፤ ጉልበቷ ግን የሕፃን ሆኗል፣ ጣቴን የማላላላት እኔ ነኝ። ሲደክማት የዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ እጇን ከጎድኗ ሥር ትከታለች፤ ሰው ካያት ሻሿን የምታስተካክል ትመስላለች።

እኔ ምን ላድርግ? ውሃ አመጣላታለሁ። ሌላ የማመጣው ነገር የለኝምና ሁልጊዜ ውሃ ነው። ጠጥታ «ተባረኪ» ትለኛለች፤ ሳይጠማት እንደምትጠጣልኝ አውቃለሁ። ቀደም ሲል ቀልድ እነግራት ነበር። አሁን ስትስቅ ያማታል፤ ስለዚህ ቀልዱንም ተውኩት።

ፖህ የባተ ቀን ጉርድዋራው ጢም ብሎ ሞላ። ጸሎቱ ሊጀመር ሲል እማዬ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ ባባ ቢሻን ተጠጋችና በጆሯቸው የሆነ ነገር አለቻቸው። በጫማ ቤቱ መስኮት አያለሁ። ባባ ቢሻን መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። እማዬ ተመልሳ ቆመች። ጸሎቱ እንደ ወትሮው ሄደ ሄደና «ስሙን አንተ የምታውቀው» ላይ ሲደርስ ቆመ። ባባ ቢሻን ድምፅ ማጉያ ፊት ዝም ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«ደግሞም» አሉ፣ ያለ ዜማ። «በሰው አገር የሚኖር፣ ስሙን አንተ የምታውቀው አንድ ሰው አለ። የደበቀውን ይናገር ዘንድ ድፍረት ስጠው። ትቀየመኛለች ብሎ አይፍራ፤ አልተቀየመችም። ብቻ አይዘግይ።»

«ዋሄጉሩ» አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

እኔ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ጫማ ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቱ መጥተው «ልጄ፣ ልትስሚው ነው ወይስ ልትሰጪኝ?» እስኪሉኝ ድረስ።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን ሳትሰማ አልቀረህም። በመንደራችን በሰው አገር ወንድ የሌለው ቤት የት አለ? ሚስቶች ሁሉ ስልክ ላይ ወጡ፤ «ምንድነው የደበቅከኝ?» ነው ከየጣሪያው የሚሰማው። ካናዳ ያለው አንዱ ትራክተሩን በወንድሙ በኩል አስሽጦ እንደነበር ሳይጠየቅ ተናዘዘ። ኦማን ያለው በእምነታችን መቀስ የማይነካውን ጠጉሩን መቆረጡን አመነ፤ እናቱ እስካሁን እህል አልቀመሱም። ባሻ ጋጃን በሰው አገር ማንም የላቸውም፤ ግን እሳቸውም ለማይመለከታቸው ሁሉ ሲደውሉ ዋሉ።

የእኛም ስልክ ጮኸ። አንተ ነበርክ።

እማዬ እጇን በሻሿ ጠርጋ ተቀበለችህ። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀችህ፤ ከንፈሯን እያየሁ ነበር። ስለ በረዶው ነገርካት። ስለተወለደችው ጥጃ ነገርካት። የመኖሪያ ወረቀትህ ለቫይሳኪ በዓል ሳይደርስ እንደማይቀር ነገርካት። ቫይሳኪ መቼ እንደሆነ ረሳኸው እንዴ፣ አባዬ? ስንዴው የሚታጨደው ያኔ አይደለም?

«ጥሩ ነው» አለችህና ስልኩን ለቢጂ ሰጠቻቸው። ወጥታ የታጠበውን ሳህን ሁሉ እንደገና አጠበችው።

ወረቀቱ ሳይወጣ ከመጣህ ተመልሰህ ጣሊያን እንደማትገባ አውቃለሁ፤ አጎቴ መቶ ጊዜ አስረድቶኛል። ስለዚህ ና ልልህ አልችልም። አትምጣ ማለትም አልችልም፤ እጄ እንቢ አለኝ። ግን ቢያንስ ደውልና «ላውዱን አጥፊው» በላትና ንገራት። ያ ካቃተህ ደግሞ ከመሐላዬ ፍታኝ። አሁን እኮ እሷ እንዳላወቀች ትሆናለች፣ እኛ እንዳላወቀች እንሆናለን፣ መሐል ላይ ፍጁል ይጨመቃል። በዚህ መንደር ሰው ላይ የሚያስቅ ነገር አጥቼ አላውቅም፤ እዚህኛው ላይ ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

እዚህ ስደርስ እማዬ ገባች። ክርኔን ወረቀቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ለማን ነው?»

«ለአባዬ።»

«ምን ምን እያልሽው?»

«ስለ ባሻ ጋጃን።»

«ስለሳቸው ከሆነማ ወረቀቱም አይበቃሽ» ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ብዕሬን እያሽከረከርኩ ጠበቅኩ። ከዚያ፣ «እማዬ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።

«እማዬ…»

«ጻፊ እንጂ! እሱን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። እያንቀላፋ ሲያልብ ደግሞ የሰው ላም ትረግጠዋለች።»

ክርኔን ከወረቀቱ አላነሣሁም፤ እሷም አንሺ አላለችኝም። ይህንን አንድ መስመር ስጽፍ ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ በዓይኗ ፊደል በፊደል እየተከተለችኝ ነው።

እማዬ ደህና ናት።

ጉሩ ከብርዱም ከላሞቹም ይጠብቅህ። አንገትህን ሸፍን። ቢጂ «ጥምጣምህን በደንብ እሰር» ብለዋል።

ልጅህ
ሩናቅ ኮር