«አይፈልግም» የተባለው የባለቤቴ እግር

ሐይፋ
ኖቬምበር 11 ቀን 2007

ለጤና ድርጅቱ የሐይፋና አካባቢዋ ቅርንጫፍ
የታካሚዎች አቤቱታ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የክሊኒካችሁ የእግር እንክብካቤ ነርስ ባለቤቴን ሳታያቸው ስለመመለሷና ጥፋቱ በእሳቸው ላይ ስለመላከኩ

ክቡር ኃላፊ፤

እኔ እናኑ ሙላት በክርያት ሐይም ነዋሪ፣ የአቶ ባየህ ያለው ባለቤት ነኝ። ዕብራይስጤ ለገበያና ለአውቶቡስ ይበቃል፤ ለዚህ ጉዳይ ስለማይበቃ በአማርኛ ጽፌያለሁ። ባለቤቴን ለመረዳት ከእናንተ ወገን አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም። ለዚህ ደብዳቤ ግን ይፈለግ።

1. ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ክርያት አታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ በዘበኝነት ሲሠሩ ቀኑን ቆመው ነው የሚውሉት። እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ሚስማር ቢወጋቸው አያውቁትም። የቤተሰብ ሐኪማችን ይህን አይቶ፣ ጥፍራቸውን እንድትቆርጥ፣ የደነደነውን ቆዳ እንድትፍቅና ውስጥ እግራቸውን አገላብጣ እንድታይ ወደ እግር እንክብካቤ ነርሷ ላካቸው።

2. ከፋሲካ በኋላ በተቀጠሩበት ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። ኖጋ የምትባለው ነርስ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ባለቤቴ ጫማና ካልሲያቸውን አወለቁ። ነርሷ እግራቸውን አንስተው እዚያ እንዲያሳርፉ ጭኗን በእጇ መታ መታ አደረገች። እሳቸው እግራቸውን ወለሉ ላይ እንደ ተከሉ ቀሩ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ውስጥ እግሩን ወደ ሰው ፊት አያነሣም፤ ያውም ወደማያውቃት ሴት። ልጅ ዝቅ ብሎ እግር ሊያጥብ ሲመጣ ግን ይሰጣል። ነርሷ ይህን ማወቅ ነበረባት አልልም። መጠየቅ ግን ነበረባት።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው፣ ያንኑ ደገመችው። እኔ «ሬጋ፣ ሬጋ» እያልሁ ትንሽ እንድትታገሥ ለመንኋት፤ በዚያው ኮሪደር ያለውን የአማርኛ አስተርጓሚ በር በጣቴ አሳየኋት። አልተነሣችም። ያምሃል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «ሎ»፣ አያመኝም አሉ። የማይሰማ እግር ምን ብሎ ያማል? እንዲህ ያለውን እግር ባለሙያ እንዲያየው የሚላከውስ ለምን ሆነና? ነርሷ ጓንቷን አውልቃ ጣለች፤ በሩንም ከፍታ ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች እየሰማን «ሁ ሎ ሮጼ» አለች፤ እሱ አይፈልግም ማለቷ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «እግሬን ፊቷ ላይ እንዴት ላንሣው? ዝቅ ብትል እኮ እሰጣት ነበር» አሉኝ።

3. ከደነደነው ቆዳ ሥር ቁስል ነበረ። ከላይ ምንም አይታይም። በጋው ሲጠና ትኩሳት ጣላቸው፤ ልጃችን ጸዳለ ድንገተኛ ክፍል አደረሰቻቸው። መርዙ አጥንት ውስጥ ገብቷል ተብሎ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቁስሉ የቆየ እንደሆነ፣ ያ ቆዳ በጊዜው ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ገና ቀላል ሳለ ይገኝ እንደነበር የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ለጸዳለ ነግሯታል።

4. እዚያው ሆስፒታል ሚሪያም የምትባል ነርስ የቀረውን እግራቸውን ልታይ መጣች። እሷም አማርኛ አታውቅም። ነገር ግን ጸዳለን ጠርታ፣ «አባትሽ እግራቸውን እንዳይ ይፈቅዱልኛል?» ብላ አስጠየቀች፤ ከዚያም አጭር በርጩማ ስባ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። ባለቤቴ ራሳቸው አንሥተው ሰጧት። ለብ ባለ ውኃ አጠበች፤ በጣቶቻቸው መካከል አደረቀች፤ ጥፍራቸውን ቆርጣ ተረከዛቸውን ፈቀች። ስትጨርስ እንደ ልጃቸው መረቋት። ይህን የምጽፈው አንጀትዎን ለመብላት አይደለም። አይፈልግም የተባሉት ሰው ይፈልጉ እንደነበር ምስክር እንዲሆነኝ ነው።

5. ጸዳለ ወደ ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ሄዳ ነገሩን ብታስረዳው፣ አባቷ ሕክምናውን እምቢ እንዳሉ ተመዝግቧል ብሎ መለሰላት። አልፎም «የእናንተ ሰዎች የሚመጡት ከባሰ በኋላ ነው» አላት። ልጄ እዚሁ የተወለደች፣ በዚህ አገር ጦር ያገለገለች ናት። የመለሰችለትን አልጽፈውም፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «የእናንተ ሰው» የተባሉት ባለቤቴ በቀጠሯቸው ቀን እግራቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ካልሲ አድርገው፣ ከሰዓቱ ቀድመው በራችሁ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያልመጣው የእናንተ ወገን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ. «ሕክምና እምቢ አሉ» የሚለው ቃል ከመዝገባቸው ይሰረዝ፤ በምትኩ ሳይታዩ መመለሳቸው ይጻፍ።

ለ. ነርስ ኖጋ እኛ ባለንበት ትጠየቅ። ሥራ አስኪያጁም ለተናገረው ቃል መልስ ይስጥ። እስከዚያ ድረስ ቋንቋዋን የማይችል ታካሚ ያለ አስተርጓሚ በእሷ እጅ አይግባ።

ሐ. ቀኝ እግራቸው ላይ ቆዳው መደንደን ጀምሯል። የምንኖረው ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ነው። የእግር እንክብካቤ የምታውቅ ነርስ እቤት ድረስ እየመጣች ታክማቸው፤ ይህኛው ጥያቄ እስኪመረመር ድረስ ተብሎ የሚቆይ አይደለም።

ባለቤቴ ሥራቸውን ለቀዋል። ባለፈው ሳምንት ወገናችን ሁሉ ለስግድ በዓላችን ኢየሩሳሌም ሲወጣ እሳቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ይህን ስጽፍ አይተውኝ፣ «ተይው እናኑ፤ የሄደ እግር በወረቀት አይመለስም» አሉኝ።

እኔ የምጽፈው ስለ ቀረው እግር ነው አልኋቸው። እሳቸውም ከቢሮዎ የሚላክ ሰው ሲመጣ እንዳያሳፍራቸው ብለው ለቀኝ እግራቸው ውኃ እንዳሞቅላቸው ጠየቁኝ።

ፍርድ ከሚጠብቅ ሰላምታ ጋር
እናኑ ሙላት
(ፊርማ)