ከመሪው ፊት ለፊት ያለው መቀመጫ

ደራም፣ ግንቦት 4፣ 1908
ጉም ነበር። አራት ቀዛፊዎች ወጣን። መሪያችን ሄድሊ፣ ያ ድንክዬ የባንክ ጸሐፊ፣ ጀልባው ጫፍ ተቀምጦ ያዘናል፤ እኛ ጀርባችንን ለጉዞው ሰጥተን እንቀዝፋለን። ፊቱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ ከጀርባዬ ሆነው የኔን ምት ይከተላሉ። ድልድዩ ሥር ስናልፍ ድሮ ውሃው ያስተጋባ ነበር... ዛሬ ምንም። በሕልሜ የምቀዝፍ ይመስለኛል። ደስ ይላል። ግን ለማን ይነገራል?

ግንቦት 9
ቦክስ። የዙሩ ማብቂያ ደወል ከተደወለ በኋላ ተጋጣሚዬን መታሁት። ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲጮህብኝ አየሁ። የጀልባችን አምበል ካትበርት ስንመለስ አላናገረኝም። አጭበርባሪ አድርጎኛል። ጆሮዬ አይሰማም ልበለው? ራግቢን በፊሽካው ምክንያት ተውኩ፣ ቦክሱም ሄደ። የቀረኝ ወንዙ ነው። ደንቆሮ ቀዛፊ ማን ይፈልጋል? አጭበርባሪ ይበሉኝ።

ግንቦት 10
ዝናብ። በመስኮት ሳየው ዋልኩ። ጣሪያ ላይ ሲወርድ ድምፁ እንዴት ነበር?

ግንቦት 22
ካትበርት ቦታዬን ቀየረ። ሌላኛው ጫፍ፣ ከሄድሊ ሩቅ። ከፊቴ ሦስት ጀርባ ብቻ። ደወል የማያከብር ሰው ለሌሎች ምት አይሰጥም አለኝ። ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። ሄድሊ "ቁም" ሲል እኔ ቀጠልኩ፤ የመቅዘፊያዬ እጀታ የፊተኛዬን ጀርባ መታው። ሳቁብኝ። ሄድሊ አልሳቀም።

ግንቦት 23
ምሳ ሰዓት ላይ ሄድሊ መጣ። ወንዙ ዳር ተቀመጥን። ፊቱን አዙሮ የሆነ ነገር አለ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፦
"እናትህን ሰደብኳት እኮ። ዝም አልከኝ።"
ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። ከገና በፊት። እሱ ለማንም አይናገርም፤ ግን ካትበርት አጭበርባሪ ብሎኝ መቅረቱ አንገብግቦታል። እኔንም...

ሰኔ 2
ነገርኩት። ካትበርት መቅዘፊያ ሲወለውል ነበር፤ ጨርቁን አስቀመጠ።
"ታዲያ ያ ደወል?"
"አልሰማሁትም።"
እጄን ጨብጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከልቡ ነው። ከዚያ ከጀልባው አስወጣኝ። "ሌሎቹ ላይ አደጋ ላመጣ አልችልም፣ ወንድሜ" አለ። እውነቱን ነው። ጠላሁት።

ሰኔ 16
ውድድሩ። ዳር ቆሜ አየሁ። በግማሽ ጀልባ ርዝመት ተሸነፉ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። ካትበርት ከውሃው ወጥቶ ለእህቱ ሲያስተዋውቀኝ፣ ቃሉ እንዲገባኝ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ነበር፦ "እንደሱ ያለ ጨዋ ስፖርተኛ አላውቅም።"

ሰኔ 17
ለአንድ ቀዛፊ ብቻ የምትሆን ጀልባ ተዋስኩ። ገና ሳይነጋጋ ወጣሁ፣ ብቻዬን። ድልድዩን አለፍኩ፣ ወፍጮውን አለፍኩ፣ ከዚያ በላይ ሄጄ አላውቅም ነበር። ቁም የሚለኝ የለም። ሲደክመኝ ቆምኩ።