የሦስቱ ቀን ደንብ ተሻረ

ውድ ኦሪን፣

ዛሬ ጠዋት በስልክ «እሺ፣ ና» ያለህ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ የመሣሪያ ሱቄ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ደንበኛ ጥይት ሲጠይቀኝ የዓሣ መንጠቆ አወጣለታለሁ። መቀመጥ አቃተኝ።

እንዳልከው ክሱን አሸንፌያለሁ። የከተማችን ምክር ቤት፣ ሽጉጥ የገዛ ሁሉ ሦስት ቀን ሳይጠብቅ እንዳይረከብ ያወጣውን ደንብ ዳኛዋ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው ሽረውታል። ትናንት ማታ ጓደኞቼ እነ ዱዌን ቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ትከሻቸው ላይ ሊያወጡኝ ሲታገሉ ወገቤን ሊሰብሩት ነበር።

«ለነጻ ሰው መብቱን ነገ ና አይባልም!» እያለ ዱዌን ቢራውን ደፋብኝ። እኔም አብሬው ጮህኩ። አሁንም አምንበታለሁ፤ ሰው በር ላይ የሚያስጠብቅ ሹም ድሮም አልወድም።

ግን አንተ ደወልክ።

ሚስትህን ማርቫን በቀበርን ሳምንት ሱቄ የመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? የቀብሩን ኮት እንደለበስክ ነበርክ። አንዲት ትንሽ ሽጉጥ መረጥክ። እኔ በደንቡ ስለተቃጠልኩ ፊትህን እንኳ በቅጡ አላየሁትም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እነዚህ የምክር ቤት ጉዶች ሦስት ቀን ጠብቅ ይላሉ።»

«ሦስት ቀን ምን እየሠራሁ?» አልከኝ።

በአራተኛው ቀን ፖም የተሞላ ፓይ ኬክ ይዘህ መጣህ። ሽጉጡን ስጠኝ አላልክም። «ያን ዕለት ብትሰጠኝ ኖሮ፣ ቨርን፣ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር» አልክና ቢላ ጠየቅከኝ። ፓዩን ቆመን በላን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተነው አናውቅም። አንተ ልጅህ ዘንድ ሐይቁ ዳር ገባህ፣ እኔ ክሴን ቀጠልኩ፣ ሽጉጧም ስምህ እንደተለጠፈባት መደርደሪያዬ ውስጥ ቀረች።

ዛሬ ደግሞ «እንኳን ደስ አለህ! ያቺ ዕቃዬ አለች? መጥቼ ልውሰዳት?» ትለኛለህ። ምን ታደርግልሃለች ስልህ፣ «ጡረተኛ ምን ይሠራል? ቆርቆሮ እመታባታለሁ» ብለህ ሳቅክ። ሳቅህ አላማረኝም፣ ኦሪን። ፈራሁ።

ስለዚህ አልሰጥህም። ዳኛዋ የሻሩት የከተማውን ደንብ ነው፤ የእኔን አልሻሩም። ቅር ካለህ ክሰሰኝ። የጠበቃዬን ስልክ እሰጥሃለሁ፤ ጎበዝ ናት፣ ትረታኛለህ። እስከዚያው ግን ቤቴ አልጋ አለ፣ የአጋዘን አደንም ሊከፈት ነው። የእኔን ጠመንጃ ይዘን አብረን እንወጣለን፤ እኔ እይዛለሁ፣ አንተ እንደ ልማድህ «ሳትከው!» እያልክ ትሰድበኛለህ።

አሁን ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። ልጅቷ ደብዳቤውን መዘነችና «ሦስት ቀን ይፈጃል፣ አባባ» አለችኝ።

ሦስት ቀን! ደብዳቤውን ቀምቻት ወጣሁ። ይህቺን መጨረሻ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ ወደ አንተ ልነዳ ሞተሩን አስነሥቻለሁ። በቃል ልንገርህ ብል አፌ እንደ ጠዋቱ ይከዳኛል። ስለዚህ በእጅህ አስይዝሃለሁና ዝም ብለህ አንብብ። ስትጨርስ ቀና በል፤ ፊት ለፊትህ ተቀምጫለሁ።

ቨርን